ሰዳቢው፣ ተሰዳቢው እና ነገር አመላላሹ

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ መናገር ነጻነትና አማኞችን ሆን ብሎ ስለማስቆጣት እንድናገር የጋበዙኝ ሰዎች፣ ነጻነትንና አክብሮትን ጎን ለጎን አቁሜ የቱ እንደሚበልጥ እንድናገር የጠበቁ ይመስለኛል። አላደርገውም። ጥያቄው በዚያ መልክ ሲቀርብ በነገሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉ ይመስላል፤ አንድ ሰዳቢና አንድ ተሰዳቢ። ሦስተኛው ሰው ይረሳል። ስድቡን ከሰዳቢው ተቀብሎ፣ የራሱን ጨምሮበት፣ ለተሰዳቢው ደጅ ድረስ የሚያደርሰውን ነገር አመላላሽ ማለቴ ነው። ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው። የሃይማኖት ስድብን የሚቀጡ ሕጎች አማኙን እንጠብቃለን ይላሉ፤ እንደ እኔ እምነት ግን ሲጠብቁ የኖሩት ይህን ሦስተኛ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ይህን ሰው ከማውቃቸው ጽሑፎች ሁሉ አጥርቶ ያሳየው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን በእጅ የተሠሩ አማልክት አማልክት አይደሉም እያለ ይሰብካል። ኤፌሶን የአርጤምስ ከተማ ናትና ንግግሩ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከተማዋን ያስነሣት ስብከቱ አይደለም። ያስነሣት ድሜጥሮስ የሚባል፣ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ የሚሸጥ አንጥረኛ ነው። የሙያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ የተናገረውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። መጀመሪያ ‹ትርፋችን በዚህ ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ› አላቸው። የታላቂቱ አርጤምስ ክብር ሊዋረድ መሆኑን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያውና አምላኳ በአንድ ትንፋሽ ተጠሩ፤ የቀደመው ግን ገበያው ነው።

ከዚያ ከተማው ተደበላለቀ፣ ሕዝቡ ወደ ቲያትር ቤቱ ጎረፈ። የመጽሐፉ ጸሐፊ እዚህ ላይ ማንም የጋዜጣ ዘጋቢ ሊቀናበት የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፤ የሚበዙት ስለ ምን እንደተሰበሰቡ አያውቁም ነበር። ሳያውቁም ሁለት ሰዓት ያህል ‹የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት› እያሉ ጮኹ። በመጨረሻ የከተማይቱ ጸሐፊ ተነሣ። እርሱ ራሱ የአርጤምስ አማኝ ነው። ታላቅነቷን የሚክድ የለምና ጸጥ በሉ አለ። እነዚህ ሰዎች ቤተ መቅደስ አልዘረፉም፤ ድሜጥሮስ ክስ ካለው ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው፣ ዳኞችም አሉ፤ ይልቅስ ስለ ዛሬው ሁከት ተጠያቂ እንዳንሆን እፈራለሁ አለና ጉባኤውን በተነ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። የተረጋጋው እምነቱ ስለላላ አይደለም፤ አምላኩ በአንድ ሰባኪ ንግግር ትወድቃለች ብሎ ስላላሰበ ነው።

ከኤፌሶን ወደ ዴንማርክ እንሻገር። ዩላንድስ ፖስተን የተባለው ጋዜጣ ነቢዩ ሙሐመድን የሚመለከቱ 12 ሥዕሎችን ያወጣው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ነው። በደማስቆ የዴንማርክና የኖርዌይ ኤምባሲዎች የተቃጠሉት ደግሞ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2006። በመካከሉ አራት ወር አለ። ስድብ በራሱ ጉልበት የሚያቃጥል ቢሆን ኖሮ አራት ወር ባልፈጀበት ነበር። በኦክቶበር አል ፈጅር የተባለ የግብፅ ጋዜጣ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን መልሶ አትሟቸው ነበር፤ ካይሮ ውስጥ ድንጋይ የወረወረ አልነበረም። በዚያው ወር 11 የሙስሊም አገር አምባሳደሮች የዴንማርክን ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲያነጋግራቸው ጠየቁ፤ እምቢ አለ። ጋዜጣ መቅጣት በእኔ ሥልጣን ውስጥ አይደለም ማለቱ ትክክል ነበር። ይህንኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቡና አቅርቦ ሊነግራቸው ሲችል በሩን መዝጋቱ ግን የመርህ ጉዳይ አልነበረም፤ ስንፍና ነበር። በዲሴምበር ከዴንማርክ የተነሡ ኢማሞች ዶሴ ይዘው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሄዱ። በዶሴው ውስጥ ጋዜጣው ጨርሶ ያላተማቸው፣ ከታተሙት ይልቅ እጅግ የከፉ ሦስት ምስሎች ተጨምረውበት ነበር። ከዚያ መንግሥታት ገቡበት። የገዛ ዜጎቻቸው በሌላ ጉዳይ አደባባይ ቢወጡ በዱላ የሚበትኑ መንግሥታት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሰልፍ ቸሮች ሆኑ። በናይጄሪያዋ ማይዱጉሪ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሰዎች ተገደሉ። ሟቾቹ ከአንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ጋር ምን ጉዳይ ነበራቸው?

ጋዜጣውን ከደሙ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ይኸው ጋዜጣ በ2003 ስለ ኢየሱስ ትንሣኤ የተሣሉ የቀልድ ሥዕሎች ቀርበውለት፣ አንባቢዎችን ያስቆጣሉ በሚል መልሷቸዋል። አርታኢ የመምረጥ መብት አለው። ነገር ግን የማን ቁጣ እንደሚያሳስበውና የማን ቁጣ እንደሚያጓጓው ከምርጫው ይታያል።

ነገር አመላላሹን ይበልጥ ቀረብ ብሎ ማየት ለሚፈልግ የአሲያ ቢቢ ጉዳይ አለ። በጁን 2009 በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር በአንድ የእርሻ ማሳ ላይ ሴቶች የቤሪ ፍሬ እየለቀሙ ነው። አሲያ ቢቢ ክርስቲያን ናት። ለሥራ ጓደኞቿ ውኃ ቀዳች፤ ከክርስቲያን እጅ አንጠጣም አሏት፤ ጭቅጭቅ ተነሣ። እስከዚህ ድረስ በየትኛውም ማሳ ሊነሣ የሚችል የሴቶች ጠብ ነው። ክሱ ለፖሊስ የቀረበው ግን ከአምስት ቀን በኋላ ነበር፤ ያቀረበውም በማሳው ያልነበረ፣ ተባለ የተባለውን በጆሮው ያልሰማ የመንደሩ የሃይማኖት መምህር ነው። በ2010 ሞት ተፈረደባት። የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዢ ሰልማን ታሲር ስለ እርሷ በመከራከሩ በጃንዋሪ 2011 በገዛ ጠባቂው ተገደለ። የአናሳ ሃይማኖቶች ሚኒስትሩ ሻህባዝ ባቲ በማርች ተከተለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 31 ቀን 2018 ነጻ ሲያወጣት የምስክሮቹን ቃል እርስ በርሱ መጋጨትና የዚያን የአምስት ቀን መዘግየት ከምክንያቶቹ አድርጎ ጠቅሷል። አምስቱ ቀን ምን ሲደረግበት እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ጭቅጭቁ ክስ ሆኖ የተሠራው በእነዚያ ቀናት ነው።

ይህ ሕግ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቅን አሳብ ነው የመጣው። ሕንድ በእንግሊዝ ስትገዛ በ1920ዎቹ ላሆር ውስጥ ራጅፓል የተባለ አሳታሚ ነቢዩን የሚያንቋሽሽ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ተከሰሰ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1927 ነጻ ለቀቀው፤ በወቅቱ የነበረው ሕግ በሕዝቦች መካከል ጠላትነት መዝራትን እንጂ የሞተን የሃይማኖት መሥራች መዝለፍን አይሸፍንም በሚል። ተቃውሞው ሲበረታ በዚያው ዓመት አንቀጽ 295 ኤ ወጣ። ‹ሆን ብሎና በተንኮል› የአንድን ወገን ሃይማኖታዊ ስሜት የሚያቆስል ይቀጣል ይላል። ሆን ብሎ የሚለው ገደብ የገባው አስተማሪውና ተመራማሪው እንዳይነካ ተብሎ ነው። ሕጉ ራጅፓልን አላዳነውም፤ በ1929 በሱቁ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። ሕጉ ግን ቀረ። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ሁለቱም ወረሱት። ፓኪስታን በ1986 አንቀጽ 295 ሲን ጨመረች፤ ቅጣቱ ሞት ነው፤ በተዘዋዋሪ ወይም በአሽሙር የተነገረውንም ይጨምራል። ‹ሆን ብሎ› የሚለው ከአዲሱ አንቀጽ ውስጥ የለም። አሲያ ቢቢ የተፈረደባት በዚህ አንቀጽ ነው። ተንኮለኛን ለመቅጣት የተጀመረ ሕግ በ60 ዓመት ውስጥ ተንኮል መኖሩን መጠየቅ ትቷል።

እንዲህ የሚሆነው የሕግ አርቃቂዎች ስለሚከፉ አይደለም። የጥፋቱ መለኪያ የሰሚው ቁጣ ከሆነ፣ ይበልጥ የተቆጣ ይበልጥ ይረታል። ቁጣ ደግሞ ሊዘጋጅ ይችላል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚል ምሳሌ እያለን፣ የስድብ ሕግ ማጭዱን እያወጣ የሚያውሰው ሆድ የባሰው ማነው ብሎ ጠይቆ ነው። ይህንን ከልቅሶ ወደ ሳቅ ቀይራ ያሳየችን አየርላንድ ናት። በ2009 የወጣ ሕግ የሃይማኖት ስድብን እስከ 25 ሺህ ዩሮ የሚያስቀጣ አደረገ፤ አንድ ነገር ስድብ ለመባል ግን ‹ብዛት ያላቸው› አማኞችን ማስቆጣት ነበረበት። የእንግሊዙ ተዋናይ ስቲቨን ፍራይ በ2015 በቴሌቪዥን ስለ እግዚአብሔር የተናገረው ተከሰሰና ፖሊስ ምርመራ ጀመረ። በ2017 ምርመራው ተዘጋ፤ ምክንያቱም በቂ ቁጥር ያለው የተቆጣ ሰው ስላልተገኘ! ከሳሹ እንኳ ራሱ እንዳልተቀየመ ነው የተናገረው። በሚቀጥለው ዓመት የአየርላንድ ሕዝብ በሪፈረንደም ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ አወጣው፤ 65 በመቶ ያህሉ ይውጣ ብሎ ነው የመረጠው። በሕጉ ግን ከባድ ትምህርት አለበት። የአየርላንድ ካቶሊኮች ቁጡ ቢሆኑ ኖሮ ተዋናዩ ጥፋተኛ ይሆን ነበር። ትዕግሥተኞች በመሆናቸው ሕጉ ‹እናንተስ አልተሰደባችሁም› አላቸው። ታጋሹን የሚቀጣ፣ ነውጠኛውን የሚሸልም ሕግ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደማይነሣ ነገር ልመልሳችሁ። ሰዎች ‹አማኞችን ማስቆጣት› ሲባል የሚታያቸው ሃይማኖት የለሽ ቀልደኛ ወይም ሠዓሊ ነው። ታሪክ ግን አማኝን በብዛት ያስቆጣው ሌላ አማኝ መሆኑን ይመሰክራል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት ‹ጮኽ ብላችሁ ጥሩት እንጂ፤ ምናልባት መንገድ ሄዶ ይሆናል፣ ምናልባትም ተኝቶ ነው› እያለ ያላገጠባቸው ቀን፣ ዛሬ ቢሆን በየትኛው አንቀጽ ይከሰስ ነበር? በቁርኣን ነቢዩ ኢብራሂም ጣዖቶቹን ሰባብሮ ትልቁን ብቻ ያስቀራል፤ ማን እንዳደረገው ሲጠየቅ ‹ትልቃቸው ነው፣ ይናገሩ እንደሆነ ጠይቋቸው› ይላል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ማስቆጣት ነው፤ ከዚያም በላይ ንብረት ማጥፋት አለበት። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን የበኣልን መሠዊያ በሌሊት ካፈረሰ በኋላ የከተማው ሰዎች ሊገድሉት ሲመጡ፣ አባቱ ኢዮአስ የሰጣቸው መልስ የኤፌሶኑን ጸሐፊ ታናሽ ወንድም ያስመስለዋል፤ በኣል አምላክ ከሆነ ስለ ራሱ ይሟገት።

እነዚህን ያነሣሁት ቅዱሳን መጻሕፍት ማላገጥን ያበረታታሉ ለማለት አይደለም። ያው ቁርኣን በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸውን አትስደቡ፣ እነርሱም ባለማወቅ አላህን ይሰድባሉና ሲል ይከለክላል፤ ስለ ስድብ ምልልስ ከዚህ የተሻለ ማስተዋል አላውቅም። የምለው ሌላ ነው። የአንዱ ስብከት ለሌላው ስድብ ነው። ኢየሱስ አምላክ ነው የሚለው ስብከት ለሙስሊምም ለአይሁድም የማይዋጥ ነው። ነቢይ ብቻ ነው የሚለው ለክርስቲያኑ እንዲሁ። ማርያም አታማልድም የሚለው አንዱን ቤት ያስለቅሳል፤ ታማልዳለች የሚለው ሌላውን ቤት ጣዖት አመለኩ ያሰኛል። ስድብን በሰሚው ቁስል የሚለካ ሕግ እስከ መጨረሻው ቢተረጎም ስብከትን ሁሉ ያግዳል። ሁሉን ማገድ ስለማይቻል በተግባር የሚያግደው የአናሳውን ስብከት ነው።

የአሕመዲያ ተከታዮችን እንይ። ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ይጠራሉ፤ አብዛኞቹ ሌሎች ሙስሊሞች ግን አይቀበሏቸውም። በ1984 የወጣ የፓኪስታን ድንጋጌ አንድ አሕመዲ ራሱን ሙስሊም ካለ፣ የጸሎት ቤቱን መስጊድ ብሎ ከጠራ፣ እምነቱን ከሰበከ እስከ ሦስት ዓመት እንዲታሰር ያዛል፤ ምክንያቱም ይህ የሙስሊሞችን ስሜት ያቆስላል ተብሎ። ይህ ሰው ምንም አላቃጠለም፣ ማንንም አልዘለፈም። የጸለየውም በራሱ ቤት ነው። የሰሚው ቁጣ መለኪያ ሆኖ ሲሾም መንገዱ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ የአንድ ሰው መኖር ብቻውን ትንኮሳ ይሆናል።

የመናገር ነጻነት ሕግ ራሱ በብዛት የተገነባው በእንዲህ ያሉ አማኞች ጀርባ ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1938 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ጄሲ ካንትዌል የተባለ የይሖዋ ምሥክር ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ካሲየስ ጎዳና ላይ ወጣ። ሰፈሩ ከአሥሩ ዘጠኙ ካቶሊክ የሆነበት ነው። በእጁ ሸክላ ማጫወቻ ይዟል። ሁለት ሰዎችን አስቁሞ ሸክላ ላሰማችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እሺ አሉት። ሸክላው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ያለ ርኅራኄ የሚያብጠለጥል ነበር። ሰዎቹ ካቶሊኮች ናቸው። ደማቸው ፈላ፤ ከዚህ ባትሄድ እንመታህ ነበር የሚል መንፈስ ነበራቸው። ካንትዌል ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ሰላም አደፈረስክ ተብሎ ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1940 በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ያየው ሸክላው ምን አለ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ምን አደረገ የሚለውን ነው። አልዛተም፣ መንገድ አልዘጋም፣ ፊት ለፊቱ የቆሙትን ሰዎች በግል አልሰደበም፣ ሂድ ሲሉት ሄደ። ይህ ልዩነት ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ እምነቱን ማጥቃትና አማኙን ማጥቃት ለየቅል ናቸው።

በዚያው በ1940 ልጆቻቸው ባንዲራ አንሳለምም ባሉበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በይሖዋ ምሥክሮች ላይ ከፈረደ በኋላ፣ በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች መንጋ ተነሥቶባቸው ተደበደቡ፤ በሜይን ግዛት በኬነባንክ የስብሰባ አዳራሻቸው ተቃጠለ። በፀደይ አስቆጪ የተባሉት በበጋው ተደብዳቢ ሆኑ።

አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደች፤ መንገዱ አያስደስተኝም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1976 የመናገር ነጻነት የሚያስከፋና የሚያስደነግጥ ንግግርንም ይጨምራል ብሎ ነበር። በ1994 ግን ከኦስትሪያ የመጣ ጉዳይ ላይ ከዚያ ቃል አፈገፈገ። በኢንስብሩክ አንድ የፊልም ማኅበር በክርስትና ላይ የሚያላግጥ ፊልም ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ነበር። ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት፣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የተነገረለት፣ ለልጆች የተከለከለ ትርኢት ነው። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 መያዙን አጸደቀ፤ በምክንያቱም ውስጥ የቲሮል ሕዝብ 87 በመቶ ካቶሊክ መሆኑን ጠቀሰ። እኔ የምገነዘበው መብት ለብዙኃኑ ሳይሆን ከብዙኃኑ ለመጠበቂያ የተሠራ መሆኑን ነው። እዚህ ግን ብዛት ራሱ ማስረጃ ሆነ። በሩን ከፍቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጨለማ አዳራሽ ገብቶ ካልተቀመጠ በስተቀር የሚቆስል ሰው አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ያጨበጨባችሁ የነጻነት ወዳጆች፣ አሁን እናንተን አስቀይማለሁ። መብት አለው ማለት ደግ አደረገ ማለት አይደለም። ይህን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ ሆኖም አንድ ሰው ቅዱስ መጽሐፍ ባቃጠለ ቁጥር ከመካከላችን ተነሥቶ ጀግና ብሎ የሚሾመው አይጠፋም። በጁን 28 ቀን 2023 በስቶክሆልም ሳልዋን ሞሚካ የተባለ ከኢራቅ የተሰደደ ሰው በትልቁ መስጊድ ደጅ ቁርኣን አቃጠለ። ቀኑ የዒድ አል አድሐ በዓል ነው። አስቀድሞ ፖሊስ እንዲህ ያሉ ሰልፎችን ከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቶች ክልከላውን ሻሩት።

ለአፍታ ከበዓሉ ሶላት በኋላ ልጁን በእጁ ይዞ ከመስጊዱ በሚወጣው ሰው ዓይን እንየው። ልጁ አዲስ ልብስ ለብሷል። ከበሩ ማዶ አንድ ሰው መጽሐፉን ይረግጣል፣ ያቃጥላል። በሰውየውና በእርሱ መካከል ፖሊሶች ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ እርሱ ነው። መንግሥት የቆመው ለሰልፍ መብት ነው፤ ያ አባት የሚያየው ግን ለአቃጣዩ ዘብ የቆመ መንግሥት ነው። ለልጁ ስለ ሕገ መንግሥት ያስረዳው? ይህ ቁስል የለም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። ጠብ ያለሽ በዳቦ ብሎ የሰው በዓል ላይ የሄደን ሰው ስለ እውነት የሚከራከር ፈላስፋ ማስመሰልም አይገባም። ሞሚካ ያነጋገረው ከመስጊዱ የሚወጡትን አይደለም፤ ካሜራውን ነው።

ካሜራው ደግሞ ሦስተኛውን ሰው አገኘ። በጁላይ 20 ባግዳድ የሚገኘው የስዊድን ኤምባሲ ተቃጠለ፤ ሰልፉን የጠሩት የፖለቲከኛው ሙቅታዳ አል ሳድር ደጋፊዎች ናቸው። ሞሚካ ራሱ በጃንዋሪ 2025 በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ በእርሱና በባልደረባው ላይ ፍርድ ሊሰማ ቀጠሮ ነበር። የተገደለን ሰው ድርጊት መንቀፍ ግድያውን ማቅለል አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር የማይችል ሰው ከእነዚህ ጉዳዮች ቢርቅ ይሻላል። ፍርድ ቤቱ ከቀናት በኋላ በባልደረባው ላይ በሕዝብ ወገን ላይ ጥላቻ በመቀስቀስ ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ያተኮረው በመጽሐፉ መቃጠል ብቻ አልነበረም፤ አብረው በተነገሩት ሙስሊሞችን የሚያዋርዱ ቃላት ላይም ነበር።

በዚያው ሞቃት ሐምሌ ሌላ ሰው ደግሞ በእስራኤል ኤምባሲ ደጅ ኦሪትንና መጽሐፍ ቅዱስን ለማቃጠል ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። የእስራኤል ባለሥልጣናት አወገዙ፣ የዓለም ጋዜጠኞች ተሰበሰቡ። ሰውየው መጣ፣ ላይተሩን መሬት ላይ ወረወረው፣ ቁርኣን አውጥቶ አሳየና ቅዱስ መጽሐፍ ማቃጠል እምነቴ አይፈቅድም፣ ማቃጠልም ፈጽሞ አላሰብኩም አለ። ከሶርያ የመጣ ሙስሊም ነው። በዚያ ዓመት ከተነገሩት የነጻነት ንግግሮች ሁሉ ለእኔ የተዋጣለት ይህ ነው፤ ፈቃዱን እጁ አስገብቶ አለመጠቀሙ።

ዴንማርክ የሃይማኖት ስድብ ሕጓን በ2017 ሽራ ነበር። በዲሴምበር 2023 ግን ቅዱሳት መጻሕፍትን በአደባባይ ያለ አግባብ መያዝን የሚከለክል፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣች። የዴንማርክን ጭንቀት እረዳለሁ፤ ኤምባሲ ሲቃጠልባት ያየች አገር ናት። ሕጉ ግን ማንን እንዳስተማረ ጠይቁ። ሩቅ አገር ኤምባሲ የሚያቃጥል ቡድን የሌላ አገር ፓርላማ ሕግ እንዲያወጣ ማድረግ እንደሚችል ተምሯል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በ2012 በሞሮኮ ራባት ያጸደቁት ሰነድ ጥላቻን መቀስቀስ ወንጀል የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለማየት ስድስት ነገሮችን ይመረምራል፤ ጊዜውና ሁኔታው፣ የተናጋሪው ሥልጣንና ተሰሚነት፣ አሳቡ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የተሰራጨበት ስፋት፣ እና ጉዳት የማድረሱ ዕድልና ቅርበት። ከስድስቱ ውስጥ ‹አማኞች ምን ያህል ተቆጡ› የሚል የለም። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። የሚመረመረው ተናጋሪው በሰዎች ላይ ምን እንዲደረግ እየቀሰቀሰ ነው የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ላይ አንድ አገረ ገዢ ወይም የሺዎች ጆሮ ያለው ሰባኪ ስለ አናሳዎች የሚናገረው ቃል፣ ከአንድ ብቸኛ ቀልደኛ ቀልድ እጅግ ይከብዳል። ብዙ አገሮች ግን ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርጉት፤ ቀልደኛውን ያስራሉ፣ ‹ግደሉት› ያለውን ያስታርቃሉ።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በዚህም የመናገር ነጻነት ጓደኞቼ ሁሉ አይስማሙኝም። ስለ ቦታና ስለ ሰዓት ነው። በአሜሪካ በወታደሮች ቀብር ላይ እየሄደ ‹እግዚአብሔር ይጠላችኋል› የሚል ሰሌዳ የሚይዝ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የሟች አባት ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 8 ለ 1 ለሰልፈኞቹ ፈረደ፤ 300 ሜትር ያህል ርቀው ነበር፣ ፖሊስ ባሳያቸው ቦታ ነው የቆሙት። ብዙዎች በፍርዱ አዘኑ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ንግግሩን አልነካም፤ በወታደር ቀብር ዙሪያ ከ300 ጫማ ያነሰ ርቀት ላይ፣ ከሥርዓቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ሥርዓቱን የሚረብሽ ሰልፍ እንዳይደረግ ከለከለ። ሰሌዳው ላይ ምን እንደተጻፈ አይጠይቅም፤ አመስጋኙንም ተሳዳቢውንም እኩል ያርቃል።

የስቶክሆልሙን ሰው በዚህ መንገድ ማስተናገድ ይቻል ነበር። መጽሐፉን ገዝቶታል፣ የራሱ ነው፤ በሌላ አደባባይ ያቃጥለው። በበዓል ጠዋት፣ በአምልኮ ቤት ደጅ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ግን አይሆንም። ይኸው ደንብ በሌላው ቤተ እምነት አጥር ሥር ድምፅ ማጉያ ተክሎ የሚሰብከውን ሰባኪም ይመለከታል፤ ሰባኪዎች ይህን ክፍል ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚለወጥ አውቃለሁ። የአምልኮ ቤት ደጃፍ ለማንም ሰባኪ፣ ለማንም አቃጣይ፣ በሥርዓት ሰዓት ዝግ ይሁን። ርቀቱ ስንት ሜትር ይሁን የሚለውን ደግሞ የየከተማው ምክር ቤት ይከራከርበት፤ እኔ ለመቶ ሜትር ድምፄን እሰጣለሁ።